የፊሽካ ግራ ጆሮ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ሰው የገዛ ጆሮውን በመስታወት ካልሆነ አያየውም፣ በመስታወትም ቢሆን የሚያየው ግማሹን ነው። ጆሮ ሰፊዋ ግን የሰውን ጆሮ ሁሉ ታውቀዋለች። ስሙን የረሳችውን፣ ፊቱ የጠፋባትን ሰው አውቶቡስ ውስጥ ከጎን ታየውና «ይሄ አምና የመጣው ነው፤ ቀዳዳው ገብቶ ገብቶ ወደ ላይ የሚታጠፈው» ትላለች በልቧ።

«ጆሮ ሰፊ» የሚለውን ስም ያወጣላት ጎረቤቷ ሰዓት ሠሪው ነው። ሁለቱ አንዲት ክፍል በስስ ጣውላ ከፍለው ይሠራሉ፤ እሱ በመንገዱ በኩል፣ ብርሃን ባለበት፣ እሷ በውስጥ በኩል፣ አንገቱ እንደ ዝይ በሚታጠፍ መብራት ሥር። ጣውላው ከትከሻ በላይ ስለማይዘልቅ አንዱ የሌላውን ደንበኛ ያያል፣ ጨዋታውንም ይሰማል። «ልብስ ሰፊ በሜትር ይለካል፣ ጫማ ሠሪ በወረቀት ይለካል፣ ይቺ ጎረቤቴ ግን በሊጥ ነው የምትለካው» ይላል ለሚጠይቁት።

ሊጥ የሚለው ሲሊኮኑን ነው። በሁለት ዕቃ ይመጣል፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ። ከሁለቱም እኩል በማንኪያ ትወስድና ቀለሙ አንድ እስኪሆን በጣቷ ታሸዋለች፤ ከዚያ በላይ ከዘገየች እጇ ላይ ይደርቃል። ከዚያ በፊት ግን የደንበኛውን ጆሮ በመብራት አይታ፣ ክር የታሰረባት የአተር ፍሬ የምታህል ስፖንጅ ወደ ውስጥ ታስገባለች፤ ሊጡ አልፎ ታምቡሩን እንዳይነካ። ቀጥላ ሊጡን መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ከታ ጆሮውን ጢም አድርጋ ትሞላዋለች። አምስት ደቂቃ ይወስዳል። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ሰውየው ምንም አይሰማም። ሲደርቅ ቀስ አድርጋ ስታወጣው፣ የጆሮው ውስጥ መልክ ከነጠመዝማዛው መዳፏ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ልክ ለስላሳ ጫፍ ትቀርጽና፣ ማዳመጫው የሚገባበትን ቀዳዳ በስታለት፣ ጠርዙን በትንሿ ሞተር ታለሰልሰዋለች።

ከሱቅ የሚገዛ ማዳመጫ ሦስት ዓይነት ጫፍ ይዞ ይመጣል፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። «እግዜር ጆሮን በሦስት ቁጥር አልሠራም» ትላለች ለደንበኞቿ። «ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ፀጉር የምታስገባ ክፍተት ካገኘ ይገባል። የውጭው ሲገባባችሁ እናንተ የውስጡን ትጨምራላችሁ፤ ሲጨመር ጆሮ ይጎዳል። በልክ ከተሠራ ግን የውጭው ውጭ ይቀራል።» ይህን ስትናገር ደንበኛውን ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ታስቀምጠዋለች። ግራ ጆሮዋ አይሰማም።

ሃያ ዓመት ሳይሞላት ነበር ከታላቅ እህቷ ጋር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባችው። የሽመናው አዳራሽ መቶ ሃያ መኪና በአራት ረድፍ የቆመበት ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲነሳ የወለሉ መንቀጥቀጥ በጫማ ሶል አልፎ ጉልበት ይደርሳል። እዚያ ውስጥ ጮኾ መስማማት የለም። ስለዚህ ሠራተኞቹ የራሳቸው አነጋገር ነበራቸው፤ ድምፅ ሳያወጡ፣ ከንፈርን አስፍተው፣ ቃሉን በጥርስና በምላስ እየሣሉ ያወራሉ። አዲስ የገባች ልጅ በሦስት ወር ትለምደዋለች። ሐሜቱም፣ የብድር ስኳሩም፣ የማን ባል የት እንደታየም ከአንዱ ረድፍ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በከንፈር ይሄዳል። ሁለቱ እህትማማቾች እስከ ዛሬ ቤታቸው ውስጥ አንዷ ከወጥ ቤት ሌላዋ ከበረንዳ በመስኮት እየተያዩ እንዲህ ያወራሉ፤ ጎረቤት ግን ተኳርፈው ዝም የተባባሉ ይመስለዋል።

የእጅ ምልክትም ነበረ። ሁለት የጣት አንጓ ሲጣመር «መኪና ቆሟል» ነው፤ ጣት ሲሽከረከር «ክር አምጪ» ነው፤ መዳፍ አናት ላይ ሲቀመጥ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን ያመጣው ፎርማኑ ነበር። ከአንገቱ ከማይለየው ፊሽካ የተነሳ ሠራተኛው ሁሉ ስሙን ትቶ «ፊሽካ» ነበር የሚለው። ጨርቅ የተበላሸባት ሴት መዳፏን አናቷ ላይ አድርጋ፣ ፊሽካ አይቶ ራሱን ነቅንቆ እስኪፈቅድላት ድረስ በረድፎቹ መካከል ትቆማለች። አንዳንዴ እያያት እንዳላየ ሆኖ ሦስት ዙር ያልፋታል። ጆሮ ሰፊዋ አራት ጊዜ ቆማለች። አራቱንም ቀን ከነልብሷ ታስታውሳቸዋለች።

የጆሮ መድፈኛ አልጠፋም ነበር። ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ሁለት ሁለቱ በክር የተያያዘ፣ ሁለት ካርቶን ሙሉ መድፈኛ ነበረ፤ ግን ፊሽካ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ተቆጣጣሪ የሚመጣ ዕለት ጠዋት ይታደላል፤ ተቆጣጣሪው እግሩ ከግቢ ሲወጣ እንደ ውሰት ዕቃ አንድ በአንድ ይሰበሰባል። አንድ ቀን ደፍራ ለምን እንደሚሰበሰብ ብትጠይቀው፣ ከንፈሩን አስፍቶ በአዳራሹ አነጋገር «ጆሮ ለጉትቻ ነው» አላት። ያዩት ሁሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ያንን የራሷን ሳቅ እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም።

በአሥራ አራተኛው ዓመት ግራ ጆሮዋ ጭራሹን ተዘጋ። ከኋላ ሲጠራት ስለማትዞር ፊሽካ «ግድግዳ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙም ያዘባት። አንድ ከሰዓት በኋላ በግራዋ በኩል «አቁሙ» ብሎ ፊሽካውን ሲነፋ ሳትሰማ ቀረችና መኪናው ክሩን በሙሉ በጣጥሶ ራሱም ተሰበረ። ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቀድሞ የመረመራት የጆሮ ሐኪም የጎዳት የአዳራሹ ጩኸት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ፊሽካ ግን ተነስቶ በግራዋ በኩል ቆመና ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ። የተናገረውን ያወቀችው በማግስቱ ከሥራ ማሰናበቻው ደብዳቤ ላይ ስታነብ ነው፤ ስትቀጠርም አትሰማም ነበር፣ ችግሩን ከቤቷ ይዛው መጥታለች፣ መድፈኛም ተሰጥቷት አላደርግም ብላለች ይላል። ደብዳቤውን አጣጥፋ አስቀመጠችው። አሁንም አለ፤ እጥፋቱ ላይ ተበጥሶ በፕላስተር ተያይዟል።

ከዚያ በኋላ ያው የጆሮ ሐኪም ክሊኒኩ ውስጥ ጽዳት አስገባት። በክሊኒኩ ጓዳ ለመስሚያ መሣሪያ የጆሮ ቅርጽ የሚሠራ አንድ ዝምተኛ አዛውንት ነበሩ፤ መጥረጊያዋን ይዛ ከጀርባቸው ቆማ ስታይ ስታይ አንድ ቀን ወንበር ሳቡላት። ሙያውን ከእሳቸው ተማረች። ሲያርፉ መብራቱንና ሲሪንጆቹን ለእሷ ይሰጥልኝ ብለው ነበር። ካስተማሯት ሁሉ አጥብቀው የያዙት አንድ ሕግ ነው። «ጆሮና መንጋጋ ጎረቤታሞች ናቸው» ይሉ ነበር። «አፍ ሲከፈት ቀዳዳው መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቂ፤ ብዙ የሚያወራ፣ የሚዘፍን፣ የሚያስተምር ከሆነ አፉን አስከፍተሽ ለኪው። አፉን ዘግቶ የተለካ ሰው ዝም ሲል ደህና ነው፣ ሲያወራ ግን ጫፉ ይላቀቅበትና የውጭው ሁሉ ይገባበታል።» ለዚህም በጥርስ መካከል የምትያዝ፣ ጥግ ጥጓ የለሰለሰ ትንሽ እንጨት ሠርተው ሰጥተዋታል። የአፍ እንጨት ይሏታል።

ታሪኩ የመጣው ከፋብሪካው በተባረረች በሃያ አራት ዓመቷ፣ ማክሰኞ ቀን ረፋድ ላይ ነው።

ሰውየው ገና በሩ ሳይከፈት ያወራ ነበር። ምራቱ ክንዱን ይዛ ታስገባዋለች፣ እሱ ስለ ደረጃው አሠራር ይወቅሳል። ተቀምጦም አላቆመም። ከልጁ ቤት ሥር ብረት በያጅ ገብቷል፤ የብረት መቁረጫው ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጮኻል፤ ደም ግፊቱ ከፍ ስላለ ሐኪም ቀን ቀን አረፍ በል ብሎታል፤ ልጁ በስልኩ ሬዲዮ እንዲሰማበት ጥሩ ማዳመጫ ገዝቶለታል፣ ግን የብረቱ ጩኸት ከዜናው እኩል ይገባል። ጆሮ ሰፊዋ እያዳመጠች በልማዷ ከፊቱ ቀድማ ጆሮውን አየች። መብራቱን ወደ ግራው አጠፈችው። ከላይ ጠርዙ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉድለት አለች።

እጇ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ ያንን ጉድለት የመኪና ቀበቶ ነው የበላው የሚሉ ነበሩ፤ ሚስቱ ናት የሚሉም ነበሩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ አልፎ ሲሄድ ከኋላው ያየችው ያንን ነው። ቀና ብላ ፊቱን አየች። ጉንጩ ወርዷል፣ ቅንድቡ ነጥቷል፣ ዓይኑ ግን ያው የሚቆጥር ዓይን ነው። ፊሽካ አላወቃትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«አባባ» አለች፣ መምህሯ እንዳስተማሯት፣ «ብዙ ያወራሉ?»

ምራትየዋ ሳቋ አፈናት። «እትዬ፣ ይሄ ይጠየቃል? እንቅልፍ ላይም አያርፉም እኮ።»

እንጨቷ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጥጡ አጠገብ ነበረች። ጆሮ ሰፊዋ አየቻት። ከዚያ አነሳችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጨመረቻት።

«እንግዲያው አባባ፣ አፍዎን ይዝጉ። ይክፈቱ እስክልዎት ድረስ እንዳይከፍቱ።»

በዕድሜው እንዲህ ብሎ የሚያዘው ሰው አግኝቶ የሚያውቅ አይመስልም። ግን ዘጋ።

ማታ ለእህቷ ነገረቻት። እህትየዋ ሻይ ትቀዳ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ፣ እውነትሽን ነው ወይ፣ ራሱ ነው ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። የተደረገውን ስትሰማ ፊቷ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፤ የመምህሯን ሕግ ማጉደል ነውር ነው አለች። ቀጥላ ግን ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ ጠየቀቻት፦

«ከእሱ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

ጆሮ ሰፊዋ መመለስ አላስፈለጋትም። ሃያ አራት ዓመት የፈለገችው አንድ ነገር ነው። «ስትቀጠር ትሰማ ነበር» እንዲል። በደብዳቤ አይደለም። በዚያው በዋሸበት አፉ፣ ሰው እየሰማ።

ጫፎቹን ዓርብ ሰጠችው። ጆሮው ላይ አድርጎ ሲቀመጥ የማለስለሻ ሞተሯን አስነስታ ወደ ጆሮው አስጠጋችለት። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ሆነ። ምንም አይሰማም። «ዓለም ዝም አለ እኮ» ሲል መንጋጋው ተንቀሳቀሰና ሞተሩ ገባበት፤ እሷ የጨመረችው መስሎት ዞር ብሎ አያት። «ዝም ሲሉ ይሠራል» አለችው። ውሸት አልነበረም።

ከአሥር ቀን በኋላ ምራትየዋ ብቻዋን መጣች። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ከቤት ተሰርቃ እንደወጣች ያስታውቃል። አባባ ሳወራ ጩኸቱ ይገባብኛል፣ ይስተካከልልኝ ብለው ነገ ይመጣሉ፤ እሷ ግን ልመና አላት።

«እባክዎን እትዬ፣ አያስተካክሉት። አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው። ስለ ሾርባው ጨው፣ ስለ ልጆቹ ፀጉር፣ በር እንዴት እንደሚዘጋ። አሁን ሊናገሩ ይጀምሩና ብረቱ ሲገባባቸው ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው ይተዉታል። ባሌ እንኳ ትናንት እራት ላይ ቀልድ ነገረን። ቀልድ እንደሚያውቅም አላውቅም ነበር።»

ሰዓት ሠሪው ከጣውላው ማዶ ሳይጠየቅ ገባበት። ዝም አይነቅዝም አለ፤ ለሚስቱም በዚያው ልክ አንድ እንድትሠራለት አሳሰበ፤ ቆይቶ ደግሞ ሚስቱ ስለ እሱ ቀድማ አዝዛ እንዳይሆን ጠየቀ።

የጆሮ ሰፊዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እሷን ከአዳራሽ ያስወጣው አፍ፣ በገዛ ልጁ ገበታ ላይ ተከድኗል። ያን ዕለት ሥራዋን እያንጎራጎረች ነበር የሠራችው፤ ወደ ቤቷም በእግሯ ሄደች። መንገድ ላይ ግን፣ ልብስ ንጽሕና ቤቱ አጠገብ ስትደርስ፣ ደረጃ ላይ እንደሳተ ሰው ቆም አለች። የዘጋችው አፍ ያንኑ የምትፈልገውን ነገር የያዘው አፍ ነው። ፊሽካ ዝም ብሎ ቢሞት ደብዳቤው ብቻውን ይቀራል።

በማግስቱ መጡ። እሱ ተቆጥቷል፣ ግን ቁጣው አጠረ፤ ቃል መቆጠብ ለምዷል። ጆሮ ሰፊዋ እንደገና እንደምትለካው፣ በዚህኛው አፉን ከፍቶ መቆየት እንዳለበት በትሕትና አስረዳችው። ምራትየዋ ከኋላው በዓይኗ ተማጸነቻት፤ እሷም በዓይኗ ቻል አድርጊው አለቻትና በመስኮቱ በኩል ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ምራትየዋ ስልኳን አውጥታ መነካካት ጀመረች።

ጆሮ ሰፊዋ ስፖንጆቹን አስገባች። ቀኙን ሞላች፣ ግራውን ሞላች። እንጨቷን ከኪሷ አወጣችና በጥርሶቹ መካከል አቆመቻት። የደቂቃ ሰዓቱን ጠመዘዘች። ከዚያ ዱካዋን ስባ ፊት ለፊቱ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች፤ መብራቱንም ከእሱ ወደ ራሷ ፊት መለሰችው።

ከንፈሯን አስፋች። ድምፅ የለም።

«ፊሽካ።»

ዓይኑ አፏ ላይ ተተከለ። አዳራሹን ሃያ ምናምን ዓመት ያዘዘ ሰው ነው፤ የከንፈር ንግግር እንደ ዋና አይረሳም። እጁ ሳያስበው ወደ ደረቱ ወጣ፣ ፊሽካው ይንጠለጠልበት ወደነበረው ቦታ፣ ባዶውን ዳበሰና ቀረ።

«ግድግዳ ነኝ» አለችው። «አወቅከኝ?»

አፉ ተከፍቶ እንደ ቆመ ነው፤ ምራቁ በከንፈሩ ጥግ ወረደ። አውቋታል። ሊነሳ ሲል በአንድ ጣቷ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ከተንቀሳቀስክ ይበላሻል። ቁጭ በል። አሁን ምንም አትሰማም አይደል? እኔ በግራዬ ሃያ አራት ዓመቴ ነው።»

ወደ ምራቱ አየ። ምራትየዋ ስልኳ ላይ ፈገግ ብላለች። ሊጠራት አይችልም፤ እንጨቷ አለች። ብትጠራውም አይሰማም።

«እሷ አትሰማም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው እኔና አንተ ብቻ ነን። ስገባ ክር ሲበጠስ እሰማ ነበር። አራተኛው ረድፍ ላይ የማን መኪና እንዳነከሰ በጆሮዬ ነበር የምነግርህ። አንተም ታውቃለህ። መድፈኛውን የቆለፍከው አንተ ነህ። ጆሮ ለጉትቻ ነው አልክ። ከዚያ በማልሰማበት በኩል ቆመህ ዋሸህብኝ።»

በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም። ቃሉን ስትለው ከንፈሯ ላይ አዲስ ሆኖ ተሰማት።

የደቂቃ ሰዓቱ ጮኸ። እሷ በቀኟ ሰማችው፤ እሱ አልሰማም። ተወችው። ሊጡ ከደረቀ በኋላ ትንሽ ቢቆይ ምንም እንደማይጎዳ ታውቃለች፤ እሱ ግን አያውቅም።

ምራትየዋ ቀና ብላ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። «ትንሽ ቀርቶታል፣ የእኔ ልጅ» አለች ጆሮ ሰፊዋ በለስላሳው ድምፅዋ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች፣ ያለ ድምፅ።

«ምልክቱን ያስተማርከን አንተ ነህ።»

 የሰዓት ሠሪው ሰዓቶች በሙሉ ሲቆጥሩ ይሰማታል። በመጨረሻ የፊሽካ ቀኝ እጅ ከጉልበቱ ተነሳ፣ አየር ላይ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ መዳፉ ራሰ በራ አናቱ ላይ ተቀመጠ። ጆሮ ሰፊዋ ወዲያው አልፈቀደችለትም። ዞር ብላ ሲሪንጁን ጠራረገች፣ የጥጡን ክዳን ገጠመች፣ ማንኪያዋን በቦታው አስቀመጠች። ሦስተኛው ዙር ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችለት።

ሊጡን ስታወጣለት መንጋጋውን እያሸ ተቀመጠ። ምራትየዋ መጥታ፣ እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ስላየችው ራሱን አሞት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሙቀቱ ነው» አለ ፊሽካ።

ሙቀቱ ነው። ያለ ድምፅ የሰጠውን በድምፅ መልሶ ወሰደው። ጆሮ ሰፊዋ ፊቷ ሳይለወጥ ቀኙንና ግራውን በየሳጥናቸው አስቀመጠች፣ ቁጥር ጻፈችባቸው። ሐሙስ ይምጡ አለች።

እህትየዋ መዳፉን አናቱ ላይ ማድረጉን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ድገሚልኝ ብላ አስደገመቻት፤ የእጁን አነሳስ በራሷ እጅ ሞከረችው። «ሙቀቱ ነው» ማለቱን ስትሰማ ግን ሳቋን ዋጠችና፣ ያን ዕለት ኮሚቴው ፊት እሷም አፏን ዘግታ መቀመጧን፣ ሁለታችንም ከተባረርን ማን ያበላናል ብላ መፍራቷን ተናገረች። ይህን ተናግራው አታውቅም። ጆሮ ሰፊዋ አውቃለሁ አለቻት። እህትየዋ ሻዩን በቀኟ በኩል አስቀመጠችላት፤ እንደ ሁልጊዜው።

ሐሙስ ፊሽካ ብቻውን መጣ። በሩ ላይ ሲያወራ አልተሰማም። ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ እሷ ጋ አንዲት አስተማሪ ተራ ትጠብቃለች። ሰውየው በሰዎቹ መካከል በጎን አልፎ፣ በጠረጴዛው ዞሮ፣ በግራዋ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ትንፋሹ ግራ ጆሮዋን ሞቅ አደረገው፤ ሌላ ምንም የለም። ከንፈሩንም አላየችም።

የያዘችውን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይሄኛው አይሰማም። ማን እንዳደረገው እርስዎ ያውቃሉ። በዚህኛው በኩል ይበሉት፤ ጎረቤቴ የሰዓት መወልወያ ሞተሩን አስነስቷልና ከፍ አድርገው።»

ሰዎቹን አያቸው። አስተማሪዋ ቀና ብላለች። ወደ በሩም አየ፤ ሩቅ አልነበረም። ጆሮ ሰፊዋ መሳቢያዋን ከፍታ ትንሿን ሳጥን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ በእጇ ሥር አኖረቻት። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ቆርቆሮ ይቆርጣል፤ ፊሽካ ድምፁን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ከዚያ በቀኟ በኩል ዞሮ መጣ። ሲናገር የወጣው ያ የድሮው የፎርማን ድምፅ ነው።

«ስትቀጠር ትሰማ ነበር» አለ። «መድፈኛውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ፊት የተናገርኩት ውሸት ነው።»

የሰዓት ሠሪው ሞተር ቆመ።

«አልሰማሁም» አለች ጆሮ ሰፊዋ።

ሰምታለች። እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። እሱም መስማቷን አውቋል። ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ደገመው፤ አሁን ድምፁ ቀጭን ነበር።

ሳጥኗን ገፋ አደረገችለት። ቀኙን አፉን ከፍቶ በተለካው እንደሠራችው፣ እንደ ልቡ ሊያወራበት እንደሚችል ነገረችው።

«ግራውስ?»

«ግራው የመጀመሪያው ነው። እንዳለ ይቆያል።»

ፊሽካ ግራ ጆሮዋን አየ። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን አይቶት የሚያውቅ አይመስልም።  ሳጥኗን ኮት ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በመጣበት በጎን አልፎ ወጣ። ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውጥቶ፣ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለያዘው ሰዓት። አስተማሪዋ ተራዋ ደርሶ ስትቀመጥ በየትኛው በኩል ላውራ ብላ ጠየቀች።

ምራትየዋ ከአንድ ወር በኋላ በዚያ በኩል ስታልፍ ብቅ ብላ ነበር። አባባ ማውራት ጀምረዋል አለች፣ ግን ግማሹን ነው። ገበታ ላይ ቦታ ቀይረዋል፤ ግራቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቃቸው ሙቀቱ ነው አሏት።

አፉን ከፍቶ የተለካው የፊሽካ ግራ ጆሮ፣ ሰማያዊው ሊጥ፣ እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከጫፍ ሦስተኛው ሳጥን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሎቹን ስትወለውል እሱንም ትወለውለዋለች። እህትየዋ አንድ ቀን ምሳ ይዛላት መጥታ ሳጥኑን ስታይ፣ ደንበኛ ስለነበረ ከበሩ ላይ ሆና በከንፈሯ ጠየቀቻት፤ መቼ ነው የምትሠሪለት አለቻት።

ጆሮ ሰፊዋ ሊጧን እያሸች ቀና አለች።

«የእኔው ሲሰማ» አለች፣ ድምፅ ሳታወጣ።